እናቷ ኖር ያሏት ሴት

እታገኝ አንሶላ ስታጥፍ እጆቿ ለዓይን አይያዙም። አትላንታ፣ ኮሌጅ ፓርክ ካለው ሆቴል ምድር ቤት፣ ገና ሙቀቱ ያልበረደውን አንሶላ ከትልቁ ማድረቂያ ጎትታ ታወጣዋለች። ሁለቱን ጫፍ በጣቶቿ ታጠምዳለች፣ መሐሉን በአገጯ ትይዛለች፣ አንዴ ታራግፈዋለች፣ አንዴ ደረቷ ላይ ታሳርፈዋለች፤ ጠረጴዛው ላይ ስታኖረው ዛሬ ከሱቅ የወጣ ይመስላል። ዳር ዳሩ ላስቲክ ያለውን አንሶላ ሌሎቹ ጠቅልለው ሲወረውሩት፣ እሷ እሱንም አራት ማዕዘን ታወጣለታለች። ያን ቀንም እያጠፈች፣ ቀና ሳትል ነው ወሬውን ያወጣችው።

«ጃንዋሪ ላይ ቬኬሽን ወስጃለሁ። ቪየና ልሄድ ነው።»

አጠገቧ ፎጣ የምታጥፈው ቲጂ እጇን አቆመች። «ቪየና? በጃንዋሪ? ሲሪየስሊ? እትዬ፣ ሰው እኮ በዚያን ሰዓት ማያሚ ነው የሚሄደው።»

«ለመዝናናት መቼ አልኩሽ። እናቴን ላመጣት ነው።»

«እህትሽ ኦኬ አለች?»

«እሷን ማን ጠየቃት? የራስን ዕቃ ለማስመለስ የሌባ ፈቃድ አያስፈልግም።»

ቲጂ ሳቀች። «አንቺና እህትሽ ግን ኮርት መሄድ ነበረባችሁ።»

«ሄደናል» አለች እታገኝ። «ዳኛዋ እናቴ ናት።»

እታገኝ ወረኢሉ ተወልዳ፣ አዲስ አበባ ሰው ቤት ሠርታ፣ የዲቪ ሎተሪው ሲወጣላት አትላንታ የገባች ሴት ናት። ባሏ የጭነት መኪና ይዞ ወደ ዳላስ እንደሄደ በዚያው ቀረ፤ እሷም የት ደረስክ አላለችው። ልጅ አልወለደችም። ምላሷ ስለት አለው። ሰው ታመመ ሲባል ግን ቀድማ ደጁ ላይ የምትገኘው እሷ ናት፤ ሾርባዋን ታስቀምጣለች፣ «ይኼን ያህል መክሳት ምን የሚሉት ስንፍና ነው» ብላ ትሳደባለች፣ ድስቷን ሳትቀበል ትሄዳለች። ያልገባቸው ይቀየሟታል። የገባቸው ድስቷን አጥበው ይመልሱላታል።

ዲኬተር አጠገብ ቤት ስትገዛ ብዙ ያማሩ ቤቶች አሳይተዋት ነበር። እሷ የመረጠችው ደረጃ የሌለውን ነው። ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል ለእናቷ አለች፤ አልጋውን ዝቅ አስደረገች፣ መታጠቢያው ግድግዳ ላይ መያዣ ብረት አስተከለች። እንግዳ ሲመጣ ሶፋ ላይ ይተኛል እንጂ እዚያ ክፍል አይገባም። ክፍሉ ግን ዓመት አልፎ ዓመት ቢመጣም ሰው አላደረበትም፤ ምክንያቱም ታናሽ እህቷ አረጋሽ ቀደመቻት።

አረጋሽ ቪየና ነው የምትኖረው። «ዓይኗን ላሳክማት» ብላ እናታቸውን እማማ ወለተሥላሴን ወሰደቻቸውና በዚያው አስቀረቻቸው። እታገኝ «ነጠቀችኝ» አለች። ለጎረቤት አለች፣ ለማኅበርተኛ አለች፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ጫማዋን እያሰረች ለማታውቀው ሰው ሁሉ አለች። ወሬ ደግሞ ከአትላንታ ቪየና ለመድረስ ቪዛ አይጠይቅም። አረጋሽ ሰማች፤ ስልኳን ዘጋች። የሁለቱ ኩርፊያ በዓል የማያስታርቀው፣ ሐዘን የማይፈታው ዓይነት ሆነ። እማማ ወለተሥላሴን እንዳታናግር ጆሯቸው ስልክ አይቀበልም። የምትሰማው ወሬ ሁሉ የነፍስ አባቷ መምሬ ገብረእግዚአብሔር ጠይቀው የሚነግሯት «ደኅና ናቸው» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነበረች።

በመጨረሻ መምሬ ገብረእግዚአብሔር ሰለቻቸው። ለአረጋሽ ደውለው፣ «ልጄ፣ ይህ ነገር ማብቂያ ይኑረው» አሏት።

«ይኑረው አባቴ» አለች አረጋሽ። «መጥታ ራሷን እማዬን ትጠይቃት። እማዬ በገዛ አፏ እሺ፣ እሄዳለሁ ካለቻት ትውሰዳት። የቪዛውን ወረቀት እኔው እጨርሳለሁ።»

መምሬ ይህን ሲነግሯት እታገኝ ተገረመች። ያን ያህል ዓመት ጥርሷን ነክሳ የያዘች ሴት እንዲህ በቀላሉ መልቀቋ! ትንሽ አሰበችና፣ «ፈርታ ነው» አለች። «እናቴ እኔን ካየች እንደማትቀርላት ታውቃለች።» ወጥታም ለአትላንታ ሰው ሁሉ እናቷን ልታመጣ መሆኑን ተናገረች። ሴቶቹ የአቀባበሉን ድግስ ተከፋፈሉ።

ቪየና ስትደርስ የተቀበላት በረዶው ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ማንም አልመጣም። በባቡር ከተማ ገባች፤ ከባቡር ወርዳ ትራም ያዘች። ቦርሳዋን አጠገቧ ወንበር ላይ ብታስቀምጥ አንዲት ፀጉረ ነጭ ሴትዮ በጣታቸው ወንበሩን ቆረቆሩና በጀርመንኛ አወረዱባት። ቦታ የሚፈልግ ሰው አልነበረም፤ ግማሹ ትራም ባዶ ነው። እታገኝ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ «ያንቺም ልጆች እንዳንቺ ይሁኑልሽ» አለቻቸው በአማርኛ፣ ፈገግ ብላ። ሴትዮዋ አንገታቸውን ነቀነቁላት።

የመንገዱ በረዶ ተረግጦ እንደ መስታወት ሆኗል፤ እንዳያዳልጥ ጠጠር በትነውበታል። የአትላንታ ጫማዋ ግን ጠጠሩንም አላወቀው። ነፋሱን ፍራቻ ግድግዳ ሥር ሥር ብትሄድ፣ ረጃጅም እንጨቶች ግድግዳውን ተደግፈው አገኘች። ገፋ አድርጋቸው አለፈች። አንድ ሰውዬ ከማዶ ጮኸባት። እጁን ወደ ላይ እያወናጨፈ እንደገና ጮኸባት።

«ምን አባህ ያስጮህሃል? መንገዱ ያባትህ ነው?» አለችው።

ይህን ብላ አፏን ሳትዘጋ ከጣሪያው የተከመረው በረዶ ተንሸራቶ ትከሻዋ ላይ ወረደ። እንጨቶቹ ለካ «በዚህ አትለፉ» ማለት ናቸው። ሰውዬው ትከሻውን ነቅንቆ መንገዱን ቀጠለ። ነጭ በነጭ ሆና እህቷ ደጅ ደረሰች።

ቤቱ ላይኛው ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። የደረጃው መብራት ሲነኩት ይበራና ሰው ገና ግማሽ ሳይወጣ ራሱ ይጠፋል። በጨለማው እየዳበሰች፣ «እናቴን ነው እዚህ የሰቀለቻት» እያለች ወጣች።

አረጋሽ በሩን ከፈተች። ከስታለች፤ ፀጉሯ ሸብቷል። አልሳመቻትም።

«ጫማሽን አውልቂ» አለች። ያን ሁሉ ዓመት ቆይታ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

እታገኝ ጫማዋን አውልቃ ገባች። እማማ ወለተሥላሴ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እሷን ሲያዩ ሁለት እጃቸውን ወንበሩ ላይ አስደግፈው፣ እየተንቀጠቀጡ፣ ብድግ አሉ።

«ኖር። ኖር የኔ እመቤት። ይግቡ፣ ብርድ ላይ አይቁሙ።»

እታገኝ እግራቸው ላይ ወደቀች። እሳቸው ተጨንቀው ትከሻዋን ይዘው ያነሷት ጀመር። «ኧረ በማርያም። እኔ ልደፋልዎ። ይነሡ፣ ይነሡ እባክዎ።» ዞር ብለውም አረጋሽን፣ «አንቺ ምን ትገተሪያለሽ? ሰው እንዲህ በብርድ ተመትቶ መጥቶ የሚቀመስ አታመጪም? እንቅልፋም» አሏት።

እታገኝ እያለቀሰች ሳቀች። በአገራችን ናፍቆት ሲበዛ እናት ልጇን አንቱ ትለዋለች፤ አንድ ፍሬ ልጅ ከአክስቱ ቤት ሰንብቶ ሲመጣ እንኳ «እንኳን መጡልኝ ጌታዬ» ይባላል። እታገኝም የእናቷን አንቱታ እንዲያ አድርጋ ተቀበለችው። ወጥ ቤት ገብታ እህቷን ለመውጋት ጊዜ አላጠፋችም።

«አየሽ? ለኔ ከወንበሯ ተነሣች። አንቺን እንደ ገረድ ነው የምትሰድብሽ።»

አረጋሽ ሻዩን እየቀዳች ነበር። «አየሁ» አለች። «ገና ብዙ ክብር ታያለሽ።»

በማግሥቱ ጠዋት አረጋሽ ባልዲና ፎጣ ይዛ መጣች። «ውጪ፤ እማዬን ላጥባት ነው።»

«እኔም ልጇ ነኝ። እኔ አጥባታለሁ።»

«ሞክሪያ» አለችና ፎጣውን ወረወረችላት።

እታገኝ እጅጌዋን ሰብስባ ቀረበች። እማማ ወለተሥላሴ ግን ቀሚሳቸውን ደረታቸው ላይ ጨምድደው ያዙ። «ኧረ ነውር ነው። እርስዎ? በእርስዎ እጅማ አይሆንም። እግዜርም አይወደው።» ብትለምናቸው ጭራሽ ወደ ግድግዳው ዞሩ። አረጋሽ ፎጣውን ከእጇ ነጠቀች። ወዲያው ከመጋረጃው ጀርባ ስድቡ ተሰማ፤ ውሃው ፈጀኝ፣ ሳሙናው ዓይኔን አጠፋው፣ አንቺ እጅሽ ድንጋይ ነው። እያጉረመረሙ ታጠቡ።

«አንቺ ግን ለምን ትገተሪያለሽ?» አለች አረጋሽ ከውስጥ። «ለጉብኝት አይደል የመጣሽው? ሂጂና የነገሥታቱን ቤት አይተሽ ነይ። ቱሪስት።»

እንዲህ ሆነ የእታገኝ የቪየና ጉብኝት። ጠዋት ጠዋት ከእናቷ ቤት ትባረራለች። የነገሥታቱን ቤት አየች፤ ቢጫ ነው፣ መስኮቱ ብዙ ነው፣ አንድም ሰው ከመስኮቱ አያይም። በአደባባዩ የሚቆሙት የድንጋይ ሰዎች ራሳቸው ላይ በረዶ ተቆልሎ ቁጡ ቁጡ ይመስላሉ። ወንዙን አየች፤ እሱም ጠቁሯል። እጇን ለማሞቅ መንገድ ላይ ትኩስ ድንች ከሚሸጥ ሰው እሳት አጠገብ ብትጠጋ፣ ሰውዬው ካልገዛሽ ሂጂ በሚል ዓይን አያት። ገዝታም ቆመች፤ ያው አስተያየቱ አልተለወጠም። ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ገብታ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፤ እዚያም ከውጭ ይልቅ ውስጡ ይበርዳል። በከንፈሯ «አመጣታለሁ፤ ከዚህ አገር አወጣታለሁ» ስትል ትንፋሿ ፊቷ ላይ ይጨሳል።

ማታ ስትመለስ አረጋሽ በሩን ከፍታ ወደ ውስጥ ትጣራለች፤ «ቱሪስቷ ገባች።»

እማማ ወለተሥላሴም በየማታው ይነሣሉ። «ኖር። ይግቡ የኔ እመቤት። ምነው በዚህ ብርድ?» በየማታው፣ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን። አንድ ማታ ደግሞ «አገርዎ ወዴት ነው?» ብለው ጠየቋት። እታገኝ «ወረኢሉ» አለቻቸው። «አይ፣ እንግዲያው ዘመድ ነን» አሉ ደስ ብሏቸው። እታገኝ ይህን ሁሉ ሰማች። ሆዷ የነገራትን ልቧ አልቀበልም አለና፣ «አርጅታለች፤ ብርዱ ነው፤ ያቺ አረጋሽ ዘግታባት ነው» እያለች ታልፈው ነበር።

የምትመለስበት ቀን ሲቃረብ፣ እሑድ ከሰዓት፣ እናቷ ፊት ዝቅ ባለ በርጩማ ተቀመጠች። አረጋሽ በወጥ ቤቱ በር ላይ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ቆመች።

«እማዬ» አለች እታገኝ። «አትላንታ ቤት አለኝ። ደረጃ የለውም፣ ፀሐይ ይገባዋል። ከኔ ጋር ትሄጃለሽ?»

እማማ ወለተሥላሴ ፊታቸው በራ። «እሺ፣ እሄዳለሁ። እርስዎ ካከበሩኝ ምን ከፋኝ።»

እታገኝ ከበርጩማው ተነሣች። «ሰማሽ? ከአፏ ወጣ። ሰማሽ አይደል?»

«ሰማሁ» አለች አረጋሽ። «ቃሌ ቃል ነው። ውሰጃት።»

ድምፅዋ ንዴት አልነበረበትም። ይሄኔ ነው እታገኝ የፈራችው።

«እሄዳለሁ» አሉ እማማ ወለተሥላሴ፣ መስኮቱን እያዩ። «ብቻ ያቺ ዘልዛላ ትምጣ። ውሃ ቅጂ ብዬ ብልካት እዚያው ቀረች። እሷ መቼም መንገድ ላይ ድንጋይ ብታገኝ ቆማ ታወራለች። ቤቱን ለማን ጥዬ እሄዳለሁ?»

«ማን ናት እሷ?» አለች እታገኝ።

«ልጄ ናት እንጂ። እታገኝ ናት። አሁን መጣች፣ አሁን መጣች እያልኩ ይኸው መስኮት ላይ ነኝ። ትምጣ ብቻ፣ ጭኗን ነው የምመዘልጋት።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ ነኝ። እታገኝ ነኝ።»

እማማ ወለተሥላሴ ሰው እንዳይቀየማቸው የሚጠነቀቁ ሆነው ፈገግ አሉ። «ሞክሼዋ ነዎት? ደግ ስም ነው። የኔዋ ግን እንደ እርስዎ ጨዋ አይደለችም።»

እታገኝ አረጋሽን አልፋ ወጥ ቤት ገባች። አረጋሽ ተከትላት ገብታ በሩን ዘጋች። በዝቅተኛ ድምፅ ነው የተጣሉት፣ እናታቸው እንዳይሰሙ።

«አውቀሽ ነው ያስመጣሽኝ።»

«አዎ፣ አውቄ ነው። በዓይንሽ እንድታዪ።»

«እንዲህ ሆናለች ብለሽ አትነግሪኝም ነበር?»

«ለማን ልንገር? ለከሳሼ? እናቴን ሰረቀችኝ ብለሽ አገር ስታዳርሺ፣ እኔ እዚህ አንሶላዋን ነበር የምቀይረው። ሰርቄ ምን አተረፍኩ? ሌሊት ትነሣለች፣ አንቺን ልትፈልግ በር ትከፍታለች። አንቺን፣ ገባሽ? እኔ አጠገቧ ሆኜ።»

የእታገኝ ምላስ ያን ቀን ስለቱ ዶልዱሞ ነበር። «እዚያ ሐኪም አለ፣ ሰው አለ። እኔም አለሁ» አለች።

«ውሰጃት አልኩሽ እኮ። እሺ ብላሻለች። እኔም አንድ ሌሊት ልተኛ።» አረጋሽ ፊቷን ወደ ዕቃ ማጠቢያው አዞረች። «ብቻ ጠዋት ስትነሣ ማን ይሰደብላታል? እኔን ስታጣ ቁጣዋን በማን ላይ ትወጣዋለች? አንቺን እንደሆነ ስታከብርሽ ነው የምትኖረው። አንቺ እንድታጥቢያት አትፈቅድም፣ እንድታጎርሻት አትፈቅድም። በሰው ቤት እንደ እንግዳ ተሸማቃ ትሞታለች።»

እታገኝ እህቷን ጠላቻት። እውነት የሚናገር ሰው የሚጠላበትን ያህል ጠላቻት። አንዱን ሰሃን አንሥታ ማድረቅ ጀመረች፤ አረጋሽ ከእጇ ወሰደችባት። «ተይው፤ የቦታውን አታውቂውም» አለቻት።

በሄደችበት ቀን እማማ ወለተሥላሴ እስከ በሩ ሸኟት። «እግዜር ያክብርልኝ። ሰላም ይግቡ። እንዳይጠፉብን» አሏት። እታገኝ ጉልበታቸውን ስማ ቀና ስትል ፊቷን አልሸሸገችም። አረጋሽ ቦርሳዋን ደረጃው ላይ አኑራላት ተመለሰች። እህትማማቾቹ አልተሳሳሙም። «በሩን ዝጊው፤ ብርድ ይገባል» የሚለው የእናታቸው ቁጣ ከውስጥ ተሰማ። የተቆጡት አረጋሽን ነው። እታገኝ ደረጃው ላይ መብራቱ እስኪጠፋ ቆማ ሰማችው።

አትላንታ ስትመለስ የአቀባበሉ ድግስ ቀረ። ሴቶቹ ፊት ለፊት «እግዜር ያውቃል» አሏት፤ ዞር ስትል፣ «ያን ሁሉ ጉራ ነዝታ፣ ታናሿ አሸንፋ መለሰቻት» አሉ። አንዷማ፣ «ቪየና ድረስ ሄዳ አንድ ፎቶ እንኳ ሳታነሣ መጣች» ብላ ሳቀችባት። እታገኝ ሰምታለች። «ነጠቀችኝ» የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲህ ከአፏ የሰማው የለም።

ቲጂ ብቻ ደፍራ ጠየቀቻት፣ ማድረቂያው እየተሽከረከረ። «ሶ... እማማስ? እምቢ አሉ?»

«እሺ ብላኛለች።»

«ታዲያ የታሉ?»

«ልጇን እየጠበቀች ነው» አለች እታገኝ፤ የሚቀጥለውን አንሶላ ሳበች።

እህትማማቾቹ ዛሬም አይነጋገሩም። አረጋሽ ስልክ አታነሣላትም፤ እታገኝም ደውላ አታውቅም ብትሉ ትስማማለች፣ ውሸቷን ነው እንጂ። መምሬ ገብረእግዚአብሔር ዛሬም «ደኅና ናቸው» ይሏታል፤ ያች ቃል ግን ከእንግዲህ አትበቃትም።

ስለዚህ ልለምናችሁ። ከእናንተ መካከል ለሥራም ይሁን ለሽርሽር፣ በበረዶው ወራት ቪየናን የሚረግጥ ካለ፣ ቤቱን መምሬን ጠይቃችሁ ጎራ በሉ። አረጋሽ ፊቷን ብታጠቁርባችሁ አትቀየሟት፤ እንቅልፍ አጥታ ነው። እማማ ወለተሥላሴ ኖር ብለው ይነሡላችኋል፤ «በእግዜር» በሏቸውና ተቀመጡ። በጨዋታ መሐል፣ እንደ ዋዛ፣ «እታገኝ እንዴት ናት?» ብላችሁ ጠይቁልን። ከሰደቧት፣ ስድቡን ቃል በቃል ይዛችሁ አትላንታ ደውሉላት። ካመሰገኗት ግን፣ እባካችሁ፣ አትንገሯት።